«ባዶ ሜዳ» ስለሚባለው ነገር፤ የአራዳና የዐዲስ አበባ ታሪክ አጻጻፍ ሲመረመር

ስለ ዐዲስ አበባ መቆርቆር የሚናገሩ የትምህርት ቤት ንባቦችና የጎብኚ መመሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐይነት አነጋገር ይጀምራሉ። ይኸውም፥ ከተማው ከመቆርቆሩ አስቀድሞ ስፍራው ባዶ ሜዳ ነበረ፤ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ሣር የለበሰ፥ ፍልውሃ የሚፈላበት፥ አውሬ የሚመላለስበት ምድር ነበረ የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ትረካው ፈጥኖ ወደ ሕንፃው ይሻገራል፤ ቤተ መንግሥቱ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፥ የአራዳ ገበያ፥ የጣይቱ ሆቴል፥ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በየተራቸው ይቆጠራሉ። ሣሩም አውሬውም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ታይተው በዚያው ይቀራሉ። አንባቢው ይህን መግቢያ እንደ ጌጥ ዐይቶ ያልፈዋል እንጂ እንደ ታሪክ አሳብ አይመረምረውም።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገው ግን «ባዶ ሜዳ» የሚለው ቃል ፍርድ ያለበት ቃል መሆኑን ነው። አንድን ስፍራ ባዶ ብሎ የሚጽፍ ሰው በዚያ የነበረውን ሰው፥ ከብት፥ ሕግና ልማድ ከመዝገብ ያወጣል፤ ይህንም በማድረጉ በስፍራው ላይ ወደፊት ለሚመጣው ነገር ሁሉ ሳያስበው ፈቃድ ይሰጣል። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ቃሉንና የተጻፉትን ታሪኮች፥ ቀጥሎ ሣሩንና እንስሳውን፥ በመጨረሻም የዛሬውን አራዳ በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል።

ከቃሉ እንነሣ። በአማርኛ ሜዳ ማለት አቀበትና ቁልቁለት የሌለው ሰፊ ምድር ማለት ነው። ነገር ግን አነጋገራችን በቃሉ ላይ ሌላ ፍች ጨምሮበታል፤ ሜዳ ላይ ቀረ ስንል ሰውዬው ረዳትና መጠጊያ አጣ ማለታችን ነው። ስለዚህ ሜዳ የሚለው ስም በራሱ የጎደለ ነገር ያለበት ያስመስላል። ከኦሮምኛ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ግልጥ ይሆናል። ጨፌ ማለት ርጥበት ያለበት ለምለም የሣር መስክ ነው፤ ሽማግሎች የሚሰበሰቡበትና ሕግ የሚደነገግበት ጉባኤም በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት መጠሪያ ጨፌ ነው። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ በሣሩ ላይ ባዶነትን ሲያይ፥ ሌላው በዚያው ሣር ላይ ሸንጎን አይቷል። የአማርኛም ቢሆን ሌላ ምስክር አለው፤ ጃን ሜዳ የሚለው ስም ሜዳን ከንጉሥ ሰፈር፥ ከበዓልና ከሰልፍ ጋር አያይዞ ይዞታል። ታሪክ ጸሐፊ ከእነዚህ ፍችዎች አንዱን ብቻ መርጦ ሲይዝ ምርጫ ማድረጉን ማወቅ ይገባዋል።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመለስ፥ የመጀመሪያው ምንጭ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪከ ነገሥት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸውና ስፍራውን ዐዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የሚታወቀው በተለይ ከዚህ መጽሐፍ ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ የተነሡበት ጉዳይ የንጉሠ ነገሥቱን ሥራ መመዝገብ ስለ ሆነ ምድሩን የሚያዩት ከቤተ መንግሥቱ ድንኳን ሆነው ነው፤ በዚህ ሊነቀፉ አይገባም። የሚነቀፈው ከእርሳቸው በኋላ የመጣው አንባቢ ነው፤ ጸሐፌ ትእዛዙ ያልጻፉትን ሁሉ እንዳልነበረ አድርጎ ቈጥሮታልና። ዜና መዋዕል ስለ ሰፈረተኛው ዝም ቢል፥ ዝምታው የዜና መዋዕሉን ወሰን ያሳያል እንጂ የምድሩን ባዶነት አያስረዳም።

ዝምታውንም የሚሞላ የጽሑፍ ምስክር አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዎሊስ ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ንጉሡ ወደ ፊንፊኔ ሸለቆ ያደረጉትን ዘመቻ ጽፏል። ከጽሑፉ የምንረዳው ሸለቆው መንደር፥ እርሻና ብዙ የከብት መንጋ እንደነበረበት፥ ዘመቻውም መንደሩን አቃጥሎ ከብቱን እንደ ነዳ ነው። ሃሪስ የራሱ ጉድለት ያለበት ጸሐፊ ነው፤ ቋንቋው የተጋነነ ነው፤ አገሩንም የሚያየው በንቀት ነው። ሆኖም ባዶ ምድር ላይ መንጋ ሊነዳ እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የጉለሌ፥ የገላን፥ የኤካና የሌሎቹም የኦሮሞ ጎሣዎች ስም በምድሩ ላይ እስከ ዛሬ መቅረቱ፥ የጉለሌው ባላባት የቱፋ ሙና ስም በቃል ትውፊት መነገሩ ይህንኑ ያጸናል። ማዕድን ያለበትን ውሃ ሆራ ብሎ ከብትን በወቅቱ ማጠጣት በኦሮሞ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ሥርዐት ስለ ሆነ፥ የፊንፊኔ ፍልውሃ ለመኳንንቱ መታጠቢያ ከመሆኑ በፊት በአርቢው ዘንድ የራሱ ትርጉም ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ስፍራው ባዶ ካልነበረ፥ ከከተማው መቆርቆር በኋላ የመጡት መንገደኞች ሰፊ ሣርና ጥቂት ሰው እናያለን ብለው የጻፉት ውሸት ነውን? ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ያዩትን በየትኛው ዓመት እንዳዩት መመርመር ያስፈልጋል። ዐዲስ አበባ በተቆረቆረ በዓመቱ ገደማ፥ ማለት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በምጽዋ በኩል ከመጣ ከብት ጋር የገባው የከብት እልቂት በሽታ አገሩን አጠፋ። ከቀንድ ከብቱ ከ10 እጅ 9ኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ስለ ጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት፤ እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ የቆየው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርኣያ መሆናቸው የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ጅቡ በቀን እስከ መንደር ገብቶ የወደቀውን ሰው ይበላ እንደነበረ ብዙዎች መስክረዋል።

እንግዲህ የዐዲስ አበባ የመጀመሪያ ዓመታትና የክፉ ቀን ዓመታት አንድ ናቸው። የሚግጠው ከብት ያለቀበት መስክ ሣሩ ይረዝማል፤ እረኛው የሞተበት ሸለቆ ጸጥ ይላል፤ የሚበላ ሬሳ ያገኘ አውሬ ይበዛል። በዚያን ጊዜ የመጣ መንገደኛ ረጅም ሣር፥ ጸጥታና አውሬ ቢያይ ያየው የጥንቱን ተፈጥሮ ሳይሆን የቅርቡን መዓት ፍርስራሽ ነበር። ከዚያም በፊት በሸለቆው ላይ የወረዱት ዘመቻዎች ሕዝቡን ማሳሳታቸው አይዘነጋም። ባዶነቱ ታሪክ ያመጣው ነው፤ ከታሪክ በፊት የነበረ አይደለም። የምሥረታውን ታሪክ በአንድ ምዕራፍ፥ የክፉ ቀንን ታሪክ በሌላ ምዕራፍ ለያይቶ መጻፍ የተለመደ በመሆኑ ይህ ግንኙነት ከዐይን ተሰውሯል።

ይህ ዐይነት ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የተፈጸመ ስላልሆነ፥ በሰሜን አሜሪካ የሣር ምድር ታሪክ ላይ የሆነውን ማስተያየት ይጠቅማል። ያን ምድር አሜሪካኖች ፕሬሪ ይሉታል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ ይኸው የእኛው ሜዳ ነው። በእ.ኤ.አ. 1862 የወጣው የርስት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 65 ሄክታር ያህል ምድር የሚሰጥ ነበር፤ መሠረቱም ምድሩ ባለቤት የለውም የሚል አሳብ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነርም በ1893 ባቀረበው ዝነኛ ጥናት የአሜሪካን ጠባይ የፈጠረው ይህ ነጻ ምድር ነው ብሎ አስተማረ። ነገር ግን ላኮታ፥ ሻያን፥ ፓውኒና ኮማንቼ የተባሉት ሕዝቦች በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ሣሩንም በየወቅቱ በእሳት በማቃጠል አዲስ ቡቃያ እንዲወጣና ጎሹ እንዲመጣ የሚያደርጉት እነርሱ ነበሩ። በ1837 በሚዙሪ ወንዝ የተነሣው ፈንጣጣ የማንዳንን ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ጨረሰ። ቀድሞ 30 ሚሊዮን ያህል ይሆን እንደነበረ የሚገመተው ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ቆዳው እየተፈለገ ሲገደል ቆይቶ፥ ዊልያም ሆርናዴይ በ1889 በቈጠረ ጊዜ የቀረው 1,000 ያህል ብቻ ነበረ። ረጅም ሣር ከሚያበቅለው ምድር ዛሬ ሳይታረስ የቀረው ከ100 እጅ 4 እጅ አይሞላም። በዚያም ባዶ ነው የተባለው ምድር ባዶ የተደረገ ምድር ነበር፤ የዘመኑም መቀራረብ ያስደንቃል፤ የአሜሪካ ጎሽ ያለቀበት ዐሥር ዓመትና ዐዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዐሥር ዓመት አንድ ነው።

ንጽጽሩን ግን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። የአሜሪካው ሣር ምድር በሚሊዮን የሚቈጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ የእኛው በደጋ ተራሮች መካከል ያለ ሸለቆና ከርሱ በስተደቡብ የተዘረጋ የዋልካ መስክ ነው። የአሜሪካውን ሣር ያጸናው የዝናብ ማነስ፥ እሳትና ጎሽ ነው፤ የእኛውን ሣር ያጸናው በክረምት ውሃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈርና የቤት ከብት ግጦሽ ነው። ደግሞም በሸዋ የተገናኙት ሕዝቦች ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳና ነባር ባለ አገር አልነበሩም፤ ለብዙ ዘመን በጋብቻ፥ በንግድ፥ በጦርነትና በጉዲፈቻ የተሳሰሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ንጽጽሩ የሚያገለግለን ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባዶ» የሚለው ቃል በሁለቱም አገር አንድ ዐይነት ሥራ እንደ ሠራ ያሳየናል።

በዘመናዊ ጥናት በኩል የመጡትን ሥራዎች ስንመለከት ብዙ የሚያስመሰግን ነገር እናገኛለን። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1962 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ያወጡት የዐዲስ አበባ ምሥረታና ዕድገት ጥናት የመንገደኞችን ጽሑፍ ከየስፍራው ሰብስቦ ለተማሪ ያቀረበ ሥራ ነው። ፒተር ጋሬትሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የከተማው ታሪክ እስከ 1910 ያለውን ዘመን በሰነድና በሽማግሎች ቃል ይመረምራል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ከተማው 100 ዓመት ሲሞላው በ1986 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጉባኤ ላይ ስለ ጥንቶቹ ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት፥ ከተማው በመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ እንዴት እንደ በቀለ ያስረዳል። እነዚህ ሥራዎች ከተማውን ከአፈ ታሪክ አውጥተው በማስረጃ ላይ አቁመውታል።

ይሁን እንጂ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ምንጫቸው በአብዛኛው ከከተማው መቆርቆር በኋላ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ከተማው እንዴት እንደ ተሠራ በዝርዝር ሲነግሩን፥ የተሠራበት ምድር በምን ሕግና በምን ሥርዐት ይኖር እንደነበረ የሚነግሩን ጥቂት ነው። ሰፈር ይቈጠራል፤ መስክ አይቈጠርም። የመኳንንቱ ስም ይጻፋል፤ የግጦሹ ባለቤት ስም አይጻፍም። በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ይተነተናል፤ በደንቡ ፈንታ የተሻረው የቀድሞ ይዞታ ግን ጥቂት ቃል ብቻ ይደርሰዋል። እንዲህ ሲሆን ጥናቱ መንገደኛው የቆመበት ስፍራ ላይ ይቆማል ማለት ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ የተጻፈውም እንዲሁ ነው። ሮናልድ ሆርቫት በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ተዘዋዋሪ ዋና ከተሞች ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት ነገሥታቱ ሰፈራቸውን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚለውጡበትን ምክንያት መርምረዋል። ከዚያ ወዲህ የዐዲስ አበባ ነገር ሲነሣ የሚነገረው የማገዶ እንጨት ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጨት እጦት ምክንያት ወደ ዐዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ሳለ፥ በዚያው ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማውን አዳነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ እኩሌታ ነው። አንድ የንጉሥ ከተማ የሚበላው እንጨት ብቻ አይደለም። ዕቃ የሚጭነው በቅሎና አጋሰስ፥ ፈረሰኛው የሚቀመጥበት ፈረስ፥ ለግብር የሚታረደው ሰንጋ ሁሉ በሣር የሚኖሩ ናቸው። ቤቱ የሚከደነው በሰንበሌጥ ነው፤ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው። ቆርቆሮ እስኪበዛ ድረስ፥ በ1909 ዓ.ም. ባቡር ዐዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፥ ከተማው በሣር ትከሻ ላይ ይኖር ነበር። የባሕር ዛፍ ታሪክ በስፋት ሲጻፍ የሣሩ ታሪክ አለመጻፉ የሚያሳዝን ነው። ሣር ቤት የሚባለው ሰፈር ስሙን ይዞልን ቀርቷል፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ሥራ፥ ማለት ማን ያጭድ፥ ማን ይሸጥ፥ ከየት ይመጣ እንደነበረ የሚጠይቅ ግን ያስፈልገዋል።

ለዚህ ዐይነት አጻጻፍ ምሳሌ የሚሆን ሥራ አለ። ዊልያም ክሮነን በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ቺካጎ ከተማ ባሳተሙት መጽሐፍ ከተማውንና በዙሪያው ያለውን ሣር ምድር እንደ ሁለት ታሪክ አላዩም፤ እህሉ፥ ጣውላውና ሥጋው ከምድሩ ወደ ከተማው እንዴት እንደ ፈሰሰ በመከተል አንድ ታሪክ አድርገው ጻፉት። የአራዳ ገበያም እንዲህ ሊጻፍ ይገባዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል የነበረው ይህ ገበያ ጣሊያኖች ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማው ሆድ ነበር። ከብቱ፥ ቅቤው፥ ማሩ፥ ቆዳው፥ ሣሩ፥ ፈረሱና በቅሎው ሁሉ የሚመጣው በዙሪያው ካለው ምድር ነው። አራዳ የሚለው ስም ዛሬ በከተማ ልጅ አነጋገር ብልጥና ንቁ ማለት ሆኖ ሲቀር፥ ያን ብልጠት ያሳደገው ገበያ በባላገሩ ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑ ተረሳ።

የእንስሳውንም ነገር በዚህ መንገድ መረዳት ይቻላል። ብዙ ጸሐፊዎች አውሬውን የሚያነሡት ጫካውና ሜዳው ከከተማው በፊት ምን ያህል አስፈሪ እንደነበረ ለማሳየት ነው። ነገር ግን ጅብ ከከተማው የሸሸ እንስሳ አይደለም፤ ከተማውን ተከትሎ የመጣ እንስሳ ነው። ከገበያውና ከማረጃው የሚወጣውን ትርፍራፊ በሌሊት እየበላ ጽዳት ሲያደርግ የኖረ ነው፤ ዛሬም ከእንጦጦ በኩል በወንዙ ሸለቆ እየተከተለ ሌሊት ወደ ከተማው ይወርዳል። በቀን ደግሞ ጭልፊትና ቁራ ይተኩታል። ማጅራቱ ነጭ የሆነው፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው እርግብ በጥንቱ ጠባዩ ገደል ላይ የሚኖር ወፍ ሲሆን፥ ቤተ ክርስቲያኑንና የድንጋይ ሕንፃውን እንደ ገደል ቈጥሮ ይኖርበታል። በአንጻሩ፥ ርጥብ መስክ የሚፈልገው ሰማያዊ ክንፍ ያለው የደጋ ዝይ ሕንፃ አይተካለትም፤ መስኩ ሲጠፋ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፥ ወይም ያልቃል። ስለዚህ የከተማው እንስሳ ታሪክ «አውሬው ሸሸ» በሚል ቃል አይጠቃለልም። ድንጋዩን የተላመደው ቀረ፤ ሣሩን የሚፈልገው ሄደ።

ከዚህ በኋላ የአራዳን ዝነኛ ምልክቶች በሌላ ዐይን ማየት እንችላለን። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያኖች ነቅለው ሰወሩት፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በጠላት እሳት ተጎድቶ ታድሷል። እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን ድንጋይና ነሐስ ቢነሡም ሊመለሱ እንደሚችሉ ነው። መስክ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተሠራበት አይመለስም። ስለዚህ የቅርስ ጥናታችን ሊመለስ ለሚችለው ነገር ብዙ መዝገብ ይዞ፥ ሊመለስ ለማይችለው ምንም መዝገብ አለመያዙ የተገለበጠ ሥራ ነው። በምኒልክ ስም በሥነ እንስሳ ሊቃውንት የተሰየመ፥ በደጋ ጫካ የሚኖር ድኩላ መኖሩን ሐውልቱን ለማየት ከሚመጣው ጎብኚ ስንቱ ይሰማል?

ለአብነት ጃን ሜዳን እንውሰድ። ይህ ከአራዳ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ ሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት፥ ፈረስ የሚጋለብበት፥ ሠራዊት የሚሰለፍበት፥ ከጥንቱ መስክ ለሕዝብ የተረፈ ስፍራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በፒያሳ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ። በችግር ጊዜ የተደረገ ስለ ሆነ አሳቡን መንቀፍ አይቻልም። ነገር ግን ሣሩ በጭቃና በቆሻሻ ተሸፍኖ፥ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ለማድረስ ስፍራውን ማጽዳት ትልቅ ሥራ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ሜዳው ባዶ አለመሆኑን ያስታወሰው ታቦቱ የሚያርፍበት መሆኑ ነው። የቅዱስ በዓል ቀጠሮ የሌለው ሌላ መስክ ቢሆን ኖሮ ማን ይከራከርለት ነበር?

አሁን ወደ ፒያሳ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሥራ ሲባል ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ይህን አስመልክቶ የብዙ ሰው ልብ አዝኗል፤ ስለ እንጨት ሰገነቱ፥ ስለ ድሮው ሱቅ፥ ስለ ጉርብትናው የተጻፈው ልቅሶ እውነተኛ ነው። ሥራውን የደገፉትም ስፍራው ያረጀ፥ ለኑሮ የማይመች፥ ለከተማው የማይጠቅም ነበር ብለው አስረድተዋል፤ በዚያ ሰፈር የውሃና የመጸዳጃ ችግር እንደነበረ የሚክድ የለም። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የክርክሩ አካሄድ ነው። አንድ ስፍራ ከመነሣቱ በፊት ባዶ፥ ያረጀ፥ ያልለማ ተብሎ ይጻፋል፤ ከተጻፈ በኋላ ማንሣቱ ይቀልላል። ፒያሳ ራሱ የተወለደው እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር ነው። ለፒያሳ የምናለቅስ ጸሐፊዎች የፒያሳን ታሪክ «በመጀመሪያ ባዶ ሜዳ ነበረ» ብለን የምንጀምር ከሆነ፥ ያስለቀሰንን ሚዛን እኛው በእጃችን ይዘነዋል።

ሌላ አጻጻፍ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ከሸዋ ሳንወጣ የመንዝን ጓሣ መጥቀስ ይበቃል። በመንዝ ደጋ ያለው ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሣር ምድር፥ የአገሩ ሰው እንደሚናገረው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ጓሣው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሳይፈቀድ የገባ ይቀጣል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለጌሳ ይታጨዳል። ዘለዓለም ተፈራና ባልደረባቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ሥርዐት በዝርዝር አስረድተዋል። ቄሮው በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ዐዋጅ ቢሻርም ሕዝቡ በኮሚቴ ጥበቃውን ቀጥሏል፤ ከዚህም የተነሣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። ለማያውቅ መንገደኛ ጓሣ ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ለሚያውቅ ግን ዳኛ፥ ወሰን፥ ቅጣትና ቀጠሮ ያለው አገር ነው። የፊንፊኔም መስክ የራሱ ዳኛና ቀጠሮ የነበረው መሆኑን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለም፤ የጎደለው ጠይቆ የጻፈ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አንዳንድ ሰው፥ ይህን ሁሉ መቆስቆስ ያለፈ ቂም መቀስቀስ ነው፤ ከተማዋ የሁሉም ሆናለችና ስለ መጀመሪያዋ ባለቤት መከራከር ምን ይጠቅማል? ይላል። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። የማን ነበረ ብሎ መጠየቅ ዛሬ የማን ይሁን ብሎ ከመፍረድ የተለየ ነው። የመጀመሪያው የታሪክ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የሕግ ነው። ታሪክ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጥያቄ ፈርቶ ከተወው፥ መልሱን ያለ ማስረጃ የሚሰጡ ሌሎች ይነሣሉ። ከዚህም ሌላ ባዶ ነበረ የሚለውና ሁሉ የተነጠቀ ነው የሚለው ሁለቱም ጫፎች በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ መስኩ ውስጥ የነበረውን የዕለት ኑሮ፥ ማለት የከብቱን ቀጠሮ፥ የገበያውን ውል፥ የጋብቻውን ዝምድና ሁለቱም አይመረምሩትም።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ለሚሠሩ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ የታወቀ ነው። የሰፈርና የወንዝ ስሞችን በአማርኛም በኦሮምኛም እየሰበሰቡ ፍቻቸውን መመዝገብ፤ ዶሮ ማነቂያ፥ እሪ በከንቱ፥ አሮጌ ቄራ፥ ቀበና፥ ጉለሌ የሚሉትን ስሞች እንደ ሰነድ ማንበብ፤ በእርጅና ካሉት ሽማግሎችና እመቤቶች ስለ ግጦሽ፥ ስለ ሣር ንግድና ስለ ሆራ ሳይዘገዩ መጠየቅ፤ የሃሪስን የመሳሰሉ ከ1879 ዓ.ም. በፊት የተጻፉ ጽሑፎችን ከክፉ ቀን በኋላ ከተጻፉት ለይቶ ማስተያየት፤ የወፎቹንና የአራዊቱን መዝገብ ከከተማው ካርታ ጋር አጣምሮ ማየት ነው። ይህ ሥራ እስኪሠራ ድረስ ቢያንስ አንድ ነገር ዛሬውኑ ማረም ይቻላል፤ ከትምህርት ቤት ንባባችን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ባዶ» የሚለውን ቃል አውጥቶ፥ በስፍራው በዚያ የነበሩትን ሰዎች፥ ከብቶችና ሣር በስማቸው መጻፍ ነው።